የንባብ ክበብ፦ ቤንጃሚን ማንበብ ይችል ነበር

በመጀመሪያው ሴሚስተር ሦስት አጫጭር ልብ ወለዶች አንብበናል፤ ግጥም የጻፉ ልጆችም በሰልፍ ላይ አቅርበዋል። ጥሩ ነበር። ዓመቱን የያዘው ግን አንድ መጽሐፍ ነው፦ የጆርጅ ኦርዌል «አኒማል ፋርም»።

መጽሐፉ እ.ኤ.አ. በ1945 ታተመ። ከዚያ በፊት በርካታ አሳታሚዎች አንቀበልም ብለውት ነበር። ያኔ እንግሊዝና ሶቪየት ኅብረት በጦርነቱ አንድ ወገን ስለነበሩ፣ ስታሊንን የሚነካ ታሪክ ማውጣት ያስፈራ ነበር። እኛ የነበረን አምስት ኮፒ ብቻ ነው። ስለዚህ ሐሙስ ሐሙስ ከሰዓት ቤተ መጻሕፍት ተሰብስበን እየተቀባበልን ድምፅ አውጥተን አነበብነው። ንባቡ በእንግሊዝኛ፣ ክርክሩ በአማርኛ።

እንስሳቱ የእርሻውን ባለቤት ሚስተር ጆንስን አባርረው እርሻውን ይይዛሉ። ከዚያ አሳማው ናፖሊዮን ቀስ በቀስ ሁሉን ይጠቀልላል። እንዴት ቻለ ብዬ ስጠይቅ፣ ልጆቹ ባንድ ድምፅ «በውሾቹ ነዋ!» አሉ። ናፖሊዮን ዘጠኝ ቡችሎች ደብቆ አሳድጎ፣ ተቀናቃኙን ስኖውቦልን ያባረረው በእነሱ ነው። መልሱ ልክ ነው፤ እኔ ግን አልረካሁም። «ወደ ኋላ ተመለሱና አንድ እንስሳ ‹ለምን?› ማለት የነበረበትን የመጀመሪያውን ቦታ ፈልጉ» አልኳቸው።

በሚቀጥለው ሐሙስ አንድ የ9ኛ ክፍል ልጅ ገጹን ምልክት አድርጎበት መጣ። ገና ጆንስ በተባረረ ማግስት ነው። ላሞቹ ታልበው አምስት ባልዲ ወተት ሞላ። ወተቱ ምን ሊደረግ ነው ብለው ሲጠይቁ፣ ናፖሊዮን ባልዲዎቹ ፊት ቆሞ ስለ ወተቱ አታስቡ፣ አጨዳው ይቅደም አላቸው። ሄዱ። ማታ ሲመለሱ ወተቱ የለም። መጥፋቱን ሁሉም አየ፤ ምዕራፉም እዚያው ያልቃል።

ልጁ ቀጥሎ ያለው አሁንም ከጆሮዬ አልወጣም፦ «ቲቸር፣ እዚህ ጋ እኮ ቡችሎቹ ገና አልተወለዱም።»

ይህን መጽሐፍ ስንት ጊዜ አንብቤዋለሁ፤ አንድም ቀን እንዲህ አላየሁትም። ፍርሃቱ የመጣው በኋላ ነው። ዝምታው ቀድሞት ነበር። በኋላ ወተቱም የረገፈውም ፖም ለአሳማዎቹ ብቻ ሆኖ እንስሳቱ ማጉረምረም ሲጀምሩማ ስኩዊለር የሚባለው አሳማ «ጆንስ ተመልሶ እንዲመጣ ትፈልጋላችሁ?» እያለ አፋቸውን ያስይዛቸዋል።

ከዚያ ክርክሩ ወደ አህያው ወደ ቤንጃሚን ዞረ። አብዛኞቹ እንስሳት ማንበብ ስለማይችሉ ግድግዳው ላይ የተጻፈው ሕግ በሌሊት ሲቀየር አያውቁም። ቤንጃሚን ግን እንደ አሳማዎቹ አጥርቶ ያነባል። አያነብላቸውም እንጂ። ግማሾቹ ልጆች «ጎመን በጤና» ብለው ተከራከሩለት። አንዷማ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ሲባል ነው ያደግነው» አለች። ሌሎቹ ፈረሱን ቦክሰርን አነሱ። ጉልበቱን ለእርሻው ጨርሶ የታመመውን ቦክሰር ጋሪ መጥቶ ሲወስደው፣ ቤንጃሚን እየጋለበ መጥቶ ጋሪው ላይ ያለውን ጽሑፍ አነበበላቸው። የፈረስ አራጅ ጋሪ ነበር። ግን ረፍዶ ነበር። ይህን ገጽ ስናነብ ቤተ መጻሕፍቱ ጭጭ አለ።

መጋቢት ላይ አንድ ነገር ሞከርኩ። በራችን ላይ የክበቡ ደንብ ተለጥፏል። «ማንም አባል መጽሐፍ ከሁለት ሳምንት በላይ አያቆይም» ከሚለው ሥር በእስክሪብቶ «ከኮሚቴው አባላት በቀር» ብዬ ጨመርኩበት። ሦስት ሳምንት ጠበቅሁ። ማንም ምንም አላለም። ስጠይቅ አራት እጅ ወጣ፤ አራቱም አይተውታል። ከመካከላቸው አንዲት የ10ኛ ክፍል ተማሪ «እኔ በነጋታው ነው ያየሁት፤ ኮሚቴው የወሰነው መሰለኝ፣ ደግሞ ምን አገባኝ አልኩ» አለች። ይበልጥ የከነከነኝ ሌላው ነው። ሁለት የኮሚቴ አባላት በዚያው ሰሞን መጽሐፍ አቆይተው ነበር። «ተፈቅዷል ብለን ነው ቲቸር» አሉ፤ አልዋሹም። ጎበዝና ቅን ልጆች ናቸው።

ያቺ ተማሪ በሚቀጥለው ስብሰባ ሐሳብ አቀረበች፦ ማንኛውም የደንብ ለውጥ በስብሰባ ይነበብ፣ በቃለ ጉባኤ ይያዝ፣ ካልሆነ አይጸና። ከጥቂት ክርክር በኋላ በድምፅ ብልጫ አለፈ። አዲሱን ደንብ በራሷ የእጅ ጽሑፍ ጽፋ የለጠፈችው እሷ ናት። ልጆቹ ወደ ክፍል ሲገቡ አሁን በሩ ላይ ቆም ብለው ያነቡታል።

ለሚቀጥለው ዓመት የመረጡት የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ነው። የፍቅሩ ታሪክ ስቧቸው ይሆናል ብዬ ነበር። ያቀረቡት ምክንያት ግን በፊታውራሪ መሸሻ ላይ የተነሱት ገበሬዎች ናቸው፤ «እነሱ እንዴት ዝም አላሉም?» የሚለውን ማየት ይፈልጋሉ። ቤታችሁ ኮፒ ያላችሁ ወላጆች ብታውሱን መስከረም ላይ እንጀምራለን። በሁለት ሳምንት እንመልሳለን።