በሬው ከመሸጡ በፊት

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ፍኖተ ሰላም አስተማሪ ነኝ። ታናሽ ወንድሜ ማስተርስ ሊማር ቆርጦ ተነስቷል። አባታችን «አንዱን በሬ እንሽጥለት» ብለዋል። አንዱ ከተሸጠ ጥማዱ ፈረሰ ማለት ነው።

እኔም ከብድርና ቁጠባ ማኅበራችን ተበድሬ ቅዳሜና እሁድ ተምሬያለሁ። ክፍያውን አውቀው ነበር። የባህር ዳር ትራንስፖርት፣ አልጋ፣ የመመረቂያ ጽሑፍ ህትመትና ጥረዛ ግን ማንም አልነገረኝም። የደረጃ ዕድገቴ እስኪጸድቅ ብድሩ ከደመወዜ ተቆርጦ አልቋል። ያን ጊዜ ቤት ውስጥ ዘይት የምንገዛው በብርጭቆ ነበር።

ወንድሜ ደግሞ የመጀመሪያ ዲግሪውን የወጪ መጋራት ዕዳ ገና አልጨረሰም። ዕዳው በየወሩ ከገቢው ላይ የሚከፈል ነው። ሌላ ዕዳ ሲደረብበት ምን ሊተርፈው ነው?

አትማር አላልኩትም። መማሬ ክፍል ውስጥ በጣም ጠቅሞኛል፣ አልቆጭም። ግን መጀመሪያ መሥሪያ ቤቱን እንዲጠይቅ መክሬዋለሁ። ዲግሪውን ይዞ ሲመለስ ክፍት መደብ አለ ወይ? ጭማሪውስ ስንት ነው? ቀጣሪዎች ይህን በጽሑፍ ሊነግሩን ይገባል። እናንተም ጠይቁልን።

ደብዳቤውን ባለፈው ሳምንት አስገብቷል። መልሱ እስኪመጣ በሬው አይሸጥም።

መምህሩ፣ ከፍኖተ ሰላም