የሃቲ ማክዳንኤል ስም ለምን ተዘለለ?

ለተከበሩ አዘጋጅ፦

ባለፈው እትማችሁ፣ ነቢይ መኮንን በእስር ላይ ሳሉ በሲጋራ ወረቀት ላይ ተርጉመው «ነገም ሌላ ቀን ነው» ካሉት ልብ ወለድ ስለተሠራው «ጎን ዊዝ ዘ ዊንድ» ስለተባለው የ1939 (እ.ኤ.አ.) የአሜሪካ ፊልም ስትጽፉ፣ የመሪ ተዋንያኑን ስም ብቻ ጠቅሳችሁ ጥቁር አሜሪካዊቷን ተዋናይት ሃቲ ማክዳንኤልን መዝለላችሁ አሳዝኖኛል።

በባርነት ከኖሩ ወላጆች የተወለዱት ማክዳንኤል በሙያ ዘመናቸው በአብዛኛው የቤት ሠራተኛ ሆነው እንዲጫወቱ ቢገደዱም፣ በዚህ ፊልም የቤት ሠራተኛዋን ማሚን ሆነው ደረጃውን እየወጡ የሕፃኗን ሞትና የአባቷን ሐዘን ለሚላኒ በእንባ ሲናገሩ ያየ ሰው ያንን ትዕይንት አይረሳውም። በዘር መለያየት ሕግ ምክንያት በአትላንታው የፊልሙ ምረቃ ላይ አልተገኙም፤ በ1940 በምርጥ ረዳት ተዋናይትነት ኦስካርን ያሸነፉ የመጀመሪያዋ ጥቁር ሲሆኑም፣ ከፊልሙ ባልደረቦቻቸው ተነጥለው ግድግዳው ጥግ በተዘጋጀ ትንሽ ጠረጴዛ ነበር የተቀመጡት። በ1952 ሲያርፉ የተመኙት የሆሊውድ መካነ መቃብር እንኳ አልተቀበላቸውም። ለሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተናዘዙት ሽልማት የገባበት ጠፍቶ ምትኩ የተሰጠው በ2023 ነው።

በሚቀጥለው እትማችሁ ስማቸው እንዲጠቀስ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አንድ አንባቢያችሁ