የአቃቂን አፈር በትል ፈትሹልን

ለአዲስ አበባ ከተማ አካባቢ ጥበቃ ባለሥልጣን

ጉዳዩ፦ በአቃቂ ወንዝ ዳር ያለው የአትክልት መሬት በምድር ትል እንዲፈተሽ ስለመጠየቅ

እንደምን ሰነበታችሁ?

ክረምት ላይ ትንሹ አቃቂ ዳር ጎመን ከሚያለሙ አንድ አባት ዘንድ ሄጄ ነበር። አፈሩን በዶማ ገልበጥ አደረጉልኝ። ጥቁር፣ እርጥብ፣ ሲያዩት የሚያምር መሬት ነው። በእጃችን እየፈረፈርን ብንፈልግ አንድም ትል አጣን። «ድሮ ዶማ ባሳረፍን ቁጥር ይወጣ ነበር» አሉኝ። አንድ ጉድጓድ ማስረጃ እንደማይሆን አውቃለሁ። ነገሩ ግን ከአእምሮዬ አልወጣ አለ።

ወንዙ ምን ይዞ እንደሚወርድ እናንተ ታውቃላችሁ። የቆዳ ፋብሪካ ክሮም አለ፣ እርሳስ አለ፣ ካድሚየም አለ። ቆስጣውና ሰላጣው የሚጠጣው ይህንኑ ውኃ ነው። ፕላስቲክ ይለቀማል። እንደነዚህ ያለ ከባድ ብረት ግን አይበሰብስም፣ አፈሩ ውስጥ ይከማቻል።

የምድር ትል የሚተነፍሰው በቆዳው ነው። አፈሩንም ይበላዋል። ስለዚህ ብረቱ በሁለት በኩል ይገባበታል። ወዲያው ላይሞት ይችላል፤ እኔን የሚያስፈራኝም ይኼ ነው። ካድሚየምን አፈሩ ውስጥ ካለው በላይ ሰውነቱ ውስጥ አከማችቶ ይኖራል። ያንን ትል ዶሮ ትለቅመዋለች። መዳብ ሲበዛበት ደግሞ እየኖረ መራባቱን ይቀንሳል። ትል ታየ ማለት አፈሩ ደህና ነው ማለት አይደለም።

ፍተሻው ውድ አይደለም። የአንድ ሳጥን አንዱ ግማሽ ላይ ንጹሕ አፈር፣ ሌላው ግማሽ ላይ የወንዝ ዳሩ አፈር ይደረጋል። መሃል ላይ 10 ትሎች ይለቀቃሉ። ከ48 ሰዓት በኋላ ስንቱ የት እንዳለ ይቆጠራል። ከ8 በላይ የሚሆኑት ወደ ንጹሑ ከሸሹ አፈሩ ታሟል። ትሎቹ በዚያ አፈር መራባታቸውን የሚያየው ሌላው ፍተሻ 8 ሳምንት ይፈጃል። ለዚህ የሚያገለግለው ቀይ ትል ደግሞ በትል ለሚዘጋጀው ማዳበሪያ (ቨርሚ ኮምፖስት) የሚረባው ነው፤ እዚሁ አገራችን አለ።

ስለዚህ ከመካኒሳ እስከ አባ ሳሙኤል ግድብ ያለው የወንዝ ዳር መሬት ከላቦራቶሪው ልኬት ጎን ለጎን በትልም ይፈተሽ። ውጤቱ ቢሮ ውስጥ አይቅር፤ መጀመሪያ ለአልሚዎቹ ይነገር። መጥፎ ቢሆን እንኳ እነሱን ማስነሳት መልስ አይሆንም። አፈሩን ያበላሹት እነሱ አይደሉም። ንጹሕ ውኃ የሚያገኙበት መንገድ ይፈለግላቸው፣ ፍሳሹም ከምንጩ ይቁም።

ከአክብሮት ጋር፣
ከዚያው ወንዝ ዳር ጎመን የምትገዛ ነዋሪ