የቦይንግ ታሪክ ሲነሳ ፊሊፕ ጆንሰን አይረሳ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

ስለ ቦይንግ አጀማመር ያወጣችሁትን ጽሑፍ ወድጄዋለሁ። ግን የኩባንያው የቀድሞ ፕሬዚዳንት የፊሊፕ ጆንሰን ስም አንድም ቦታ አለመነሳቱ ከነከነኝ።

ጆንሰን የአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ልጅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1917 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ወጥቶ ቦይንግ ገባ። በ1926 ገና በሠላሳዎቹ መጀመሪያ ላይ እያለ የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሆነ።

እኔን የሚያንገበግበኝ የ1934ቱ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ፖስታ በአውሮፕላን ለማመላለስ ከአየር መንገዶች ጋር የገባቸውን ውሎች፣ አየር መንገዶቹ ተመሳጥረው ተከፋፍለዋቸዋል ብሎ ሰረዛቸው። ቀጥሎ የወጣው ሕግ ደግሞ በውሎቹ ድርድር የተካፈሉ ኃላፊዎችን ከፖስታ አመላላሽ አየር መንገዶች አገደ። ያኔ ከቦይንግ ጋር በአንድ ድርጅት ሥር የነበረው የዩናይትድ አየር መንገድ ፕሬዚዳንት የነበረው ጆንሰን ምንም ሳይፈረድበት ሥራውን ለቀቀ። ይሄ በእኔ እምነት ግፍ ነው።

ካናዳ ግን ችሎታውን አላባከነችም። በ1937 ጠርታ፣ ዛሬ ኤር ካናዳ የምንለውን ትራንስ ካናዳ አየር መንገድን እንዲያደራጅ አደረገችው። በ1939 ወደ ቦይንግ ተመለሰ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የሲያትሉ ፋብሪካ በቀን እስከ 16 ቢ-17 ቦምብ ጣዮችን አምርቷል። ጆንሰን የጦርነቱን ማብቂያ አላየም፤ በመስከረም 1944 በአሜሪካ ካንሳስ ግዛት ዊቺታ ከተማ ውስጥ ሞተ።

ስለ ካናዳ ዓመታቱ ሰፋ አድርጋችሁ ብትጽፉልን ደስ ይለኛል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ