ለናፍጣ መኪናዬ የቤት መኪና ባትሪ ስለሸጣችሁልኝ

ለባትሪ መሸጫው ሥራ አስኪያጅ
ባህር ዳር

ሰላም ናችሁ። እኔ ከደብረ ማርቆስ ነኝ፣ አንዲት የድሮ ናፍጣ ሃይሉክስ ፒካፕ አለችኝ፣ በሷ ድንችም ጤፍም እየጫንኩ ነው ቤተሰብ የማስተዳድረው። ከወር ከምናምን በፊት ከሱቃችሁ ባትሪ ገዝቻለሁ፣ ደረሰኙም የ6 ወር የዋስትና ካርዱም እጄ ላይ አለ። 4 ጊዜ ደውዬ "ባትሪ የሚሞላውን ዲናሞህን አሳይ" ከመባል ውጪ መልስ ስላጣሁ ነው ቁጭ ብዬ የምጽፈው፣ ከረዘመባችሁ ይቅርታ።

የድሮው ባትሪዬ ኤን 70 ነበር፣ 70 አምፒር አወር የሚይዝ። አገልግሎ አገልግሎ ሲደክም እንዳልሳሳት ብዬ ራሱን ነቅዬ ይዤላችሁ መጣሁ፣ ይሄን የመሰለ ስጡኝ ነው ያልኩት። ባንኮኒው ላይ የነበረው ልጅ መኪናዋ ምንድነች፣ ናፍጣ ናት ቤንዚን ብሎ እንኳ አልጠየቀኝም፣ "ኤን 70 አልቋል ጋሼ፣ ግን ይሄም 12 ቮልት ነው፣ ያው ነው" ብሎ ኤንኤስ 60 አወጣልኝና አሲዱን ሞልቶ ቻርጅም ሳያደርገው፣ ትንሽ እንኳ ሳያሳርፈው ወዲያው ገጠመልኝ። እኔም መንገደኛ ነኝ፣ ይመሻል ብዬ አመንኩት። ጥፋቴ እሱ ነው።

12 ቮልትማ ሁለቱም 12 ቮልት ናቸው። በሬውም ጥጃውም እኮ አራት እግር አለው፣ ቀንበር ግን ጥጃ ላይ አይጫንም። ኤንኤስ 60 የሚይዘው 45 አምፒር አወር ነው፣ እሱ ለትንንሽ የቤንዚን መኪና በቂ ነው፣ አልጠላሁትም። የናፍጣ ሞተር ግን በብልጭታ አይነሳም፣ አየሩን አፍኖ ጨምቆ በዛ ግለት ነው ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው፣ ያንን ለመጭመቅ ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ ከባትሪው የሚስበው ጉልበት ሌላ ነው፣ ገና ሞተሪኖው ሳይነካ ደሞ የሞተሩ ማሞቂያዎች እስኪግሉ ድረስ የሚጠጡት አለ። ይሄን ለባትሪ ሻጭ እኔ ነኝ የማስረዳው?

አገጣጠሙንማ ተዉት። የኔ መቀመጫ የተሰራው 31 ሳንቲ ለሚሆን ባትሪ ነው፣ ያቺ 24 ናት፣ የተረፈውን ክፍተት ልጁ እንጨት ሸጉጦ ሞላው። ገመዱ የሚታሰርበት ፖል ቀጭን ሆኖ ማሰሪያው አልይዝ ሲል የቲማቲም ጣሳ ቆርጦ ጠቀለለበት፣ በጣሳ!! ከዛ ወዲህ ኮረኮንች ላይ በወጣሁ ቁጥር እየላላ፣ ማሰሪያው እየጋለ፣ ፒንሳ ከኪሴ ተለይቶኝ አያውቅም።

በ3ኛው ሳምንት እንጅባራ ድንች ጭኜ አደርኩ። የእንጅባራን ብርድ ታውቁታላችሁ፣ ብርድ ላይ ባትሪ ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የሞተር ዘይቱም ይወፍራል። ሌሊት 11 ሰዓት ቁልፉን ሳዞረው ሞተሪኖው ጠቅ ጠቅ ብሎ ዝም አለ። 8 ሰው ለምኜ ከነጭነቷ ገፍተን እስክናስነሳት ነግቶ ረፈደ፣ ማርቆስ የሚጠብቀኝ ነጋዴ ከሌላ ሰው ገዝቶ ጠበቀኝ። ከዛ ቀን ጀምሮ ቁልቁለት ካላገኘሁ አላቆምም። በቀደም ለቅሶ ቤት ስሄድ እንኳ መኪናዋን ዳገት አናት ላይ ትቼ ሩብ ሰዓት በእግሬ ወረድኩ፣ ሰው መኪናው ተሸጠ እንዴ አለ።

ዲናሞ ያላችሁትን አሳይቻለሁ። ሞተሩ እየሰራ 14.1 ቮልት ነው የሚያነበው፣ ዲናሞው ደህና ነው ማለት ነው። ጠፍታ ካደረች በኋላ ግን ባትሪው 12.1 ነው፣ ሙሉ ቢሆን 12.6 አካባቢ መሆን ነበረበት፣ ሞተሪኖው ሲነካ ደሞ ወደ 8 ይወርዳል። ኤሌትሪሺያኑ ሳቀና "ይቺ እንኳን ሃይሉክስ ቪትዝም አታስነሳ፣ ባዶዋን እያደረች ተበላሽታለች" አለኝ።

በመጨረሻ ስደውል ደሞ "ከልክ በላይ ጭነህ ነው፣ ዋስትናው አይሸፍንም" ተባልኩ። ድንቹን ባትሪው ላይ ነው እንዴ የጫንኩት? እኔ የተሸጠልኝን ነው የተጠቀምኩት፣ የማይሆነውን መርጦ የገጠመው የናንተ ሰው ነው።

ስለዚህ ባትሪውን መልሳችሁ ኤን 70 ስጡኝ፣ ፖሉ ወፍራም፣ ፖዘቲቩ የኔ ገመድ በሚደርስበት በኩል የሆነ፣ ቻርጅ ተደርጎ ፊቴ በቮልት መለኪያ የታየ። የዋጋ ልዩነት ካለው እከፍላለሁ፣ ነጻ አልጠየቅኩም። ከሌላችሁ ብሬን መልሱልኝ። የድሮውንም ባትሪዬን ያለ ምንም ቅናሽ ወስዳችሁታል፣ እርሳሱ ብቻ ዋጋ እንዳለው አሁን ነው የሰማሁት፣ እሱም ይታሰብልኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እመጣለሁ። ባህር ዳር ሜዳ ስለሆነ ሞተር አላጠፋም፣ አንድ ሰው ውጪ ወጥቶ ያናግረኝ።