የዋቱን ቁጥር ትታችሁ ጀርባውን አንብቡ

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ከረማችሁ። እኔ ድሬዳዋ ሳቢያን ነው ምኖረው፣ ስራዬ ዲሽ መትከል፣ ቲቪ ግድግዳ ላይ መግጠም፣ ሰው ቤት ስፒከር መዘርጋት ምናምን ነው፣ ጋዜጣችሁን ሳገኝ ደሞ ማስታወቂያው ሳይቀር ነው ማነበው። ዛሬ የጻፍኩላችሁም በማስታወቂያው ምክንያት ነው። በዓል ሲደርስ የሆም ቴአትር ማስታወቂያ ይበዛል፣ ሁሉም ላይ በትልቁ የሚጻፈው ዋት ነው፣ ሰዉም ያቺን ቁጥር ይዞ እዚህ ድሬ ታይዋን የሚባለው ገበያ ይገባና ቁጥሩ የበለጠውን በባጃጅ ጭኖ ይመጣል፣ ከዛ ቤት ሲከፈት መስኮቱ ይንቀጠቀጣል፣ ፊልሙ ውስጥ ሰዎቹ የሚያወሩት ግን አይሰማም። ይሄ ነገር በጣም ያንገበግበኛል፣ ምክንያቱም ብሩ የዕቁብ ብር ነው፣ አረብ ሀገር ያለች እህት ለፍታ የላከችው ብር ነው።

ከዋቱ ልጀምር። ካርቶኑ ላይ የምታዩት ትልቅ ቁጥር አብዛኛውን ጊዜ ፒኤምፒኦ የሚሉት ነው፣ እሱ ደሞ እንዴት እንደሚለካ የታወቀ መስፈርት ስለሌለው ፋብሪካው የመሰለውን ይጽፋል። ማየት ያለባችሁ አርኤምኤስ የሚለውን ነው፣ እሱ ማሽኑ ሳያቋርጥ ማውጣት የሚችለው ጉልበት ነው። እሱ ካልተጻፈ እቃውን ገልብጡት፣ የመብራት ገመዱ ከሚገባበት አጠገብ ትንሽ ስቲከር አለች፣ ስንት ቮልት እንደሚፈልግና ስንት ዋት ከመብራት እንደሚበላ እዛ ላይ አለ። አንድ ጎረቤቴ ጋሼ የምላቸው ትልቅ ሰው አዲስ ገዝተው ና ግጠምልኝ ብለውኝ ሄድኩ፣ ፊቱ ላይ 5000 ዋት ይላል፣ ገልብጬ ሳሳያቸው ስቲከሯ 80 ዋት ነው የምትለው። ከግድግዳው 80 ዋት የሚበላ ማሽን 5000 ዋት ከየት አምጥቶ ነው ሲሰጥ የሚውለው? ጋሼ መነጽራቸውን አድርገው ደጋግመው አነበቡት፣ "እና ይሄ ሁሉ ዜሮ ምንድነው ልጄ?" አሉኝ። መልስ አልነበረኝም፣ ለሳቸው መልስ መስጠት ያለበት የሸጠላቸው ሰው ነው።

እውነተኛ ዋት ቢሆን እንኳን እንደምናስበው አይደለም እኮ። ከ50 ዋት ወደ 100 ዋት ስትሄዱ የምታገኙት 3 ዴሲቤል (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ነው፣ ጆሮ ላይ ትንሽ ከፍ ያለ ይመስላል በቃ፣ ድምፁ እጥፍ ሆነ እንድትሉ ዋቱ 10 እጥፍ ገደማ መሆን አለበት። ከዛ ይልቅ የስፒከሩን ሴንሲቲቪቲ ጠይቁ፣ በ1 ዋት 1 ሜትር ላይ ስንት ዴሲቤል ይሰጣል ማለት ነው፣ 90 የሚሰጠው ስፒከር 87 ከሚሰጠው ጋር እኩል ለመጮህ ግማሽ ዋት ይበቃዋል። በኛ ሳሎን ስፋት፣ ከቲቪው 3 ሜትር ርቆ ለተቀመጠ ሰው፣ አብዛኛውን ሰዓት የምትጠቀሙት ጥቂት ዋት ነው። ስለዚህ 60 ወይ 80 እውነተኛ ዋት ያለው ሪሲቨር ለአንድ ሳሎን ይበቃል፣ ይተርፋልም።

ሪሲቨር ስል የዲሹን አይደለም፣ ከቲቪው ከዲሹ ከጌሙ ድምፅ ተቀብሎ ለየስፒከሩ እየለየ የሚያከፋፍለውን ኤቪ ሪሲቨር ማለቴ ነው። እዚህ ጋ እኔ አቋም አለኝ፣ አንዳንድ ባለሱቆች ላይወዱልኝ ይችላሉ። ሁሉም ነገር በአንድ ካርቶን የሚመጣውን ሆም ቴአትር ከመግዛት ያገለገለ ግን ደህና ሪሲቨር፣ ዴኖን ይሁን ያማሃ ይሁን ኦንኪዮ ይሁን ፓዮኒር፣ ለብቻው ገዝታችሁ ስፒከሩን ቀስ እያላችሁ ብታሟሉ ይሻላል። የካርቶኑ ማሽን የተበላሸ ቀን ሙሉው እቃ ነው የሚጣለው፣ ብዙዎቹ የራሳቸው ልዩ ሶኬት አላቸው፣ ስፒከራቸው ደሞ 3 ወይ 4 ኦም (ቁጥሩ ሲያንስ ማሽኑ ላይ ጫናው ይበዛል) ይሆንና 6 ወይም 8 ኦም የሚፈልግ ሪሲቨር ላይ ስትሰኩት ሪሲቨሩ ከመጠን በላይ ይግላል፣ ወይ ራሱን ያጠፋል። ለየብቻ የገዛ ሰው ግን ሪሲቨሩ ቢሞትበት ስፒከሩ አለ፣ ስፒከር ደሞ በደንብ ከተያዘ ስንት አመት የሚቆይ ነገር ነው። ያገለገለ ስትገዙ ኤችዲኤምአይ የሌለው አሮጌ ቢሆንም አትናቁት፣ ቲቪያችሁ ኦፕቲካል፣ ድምፅ በብርሃን የሚያስተላልፍ መውጫ፣ ካለው በሱ ዶልቢ ዲጂታል 5.1፣ ማለትም ለአምስት ስፒከርና ለአንድ ሰብውፈር (ቤዝ ማውጫ) የተለየ ድምፅ፣ ያልፋል። ኤችዲኤምአይ ካለው ደሞ ኤአርሲ የሚል ጽሁፍ ቲቪውም ሪሲቨሩም ላይ ፈልጉ፣ የቲቪውን ድምፅ በዛው ገመድ ወደ ሪሲቨሩ የሚመልስ ነው፣ በአንድ ገመድ ትገላገላላችሁ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ መሀል ስፒከር። በ5.1 ሲስተም የሰው ንግግር አብዛኛው የሚወጣው ቲቪው ስር ከምትቀመጠው ከመሀሏ ነው። በካርቶን የሚመጡት ላይ ግን ከሁሉም የምታንሰው እሷ ናት፣ ክፈቷት ብትሉኝ ውስጧ ከመዳፍ ያነሰች ወረቀት ናት ያለችው፣ ከጎን ያለው ሰብውፈር ግን በርጩማ ያክላል፣ ታዲያ ንግግሩ ቢዋጥ ምን ይገርማል። ብራችሁን ከፊት ላሉት ሶስቱ አውጡት፣ ከተቻለ ሶስቱም የአንድ ፋብሪካ አንድ ሞዴል ቤተሰብ ይሁኑ፣ ካልሆነ ሰውየው ከግራ ወደ ቀኝ እያወራ ሲሄድ ድምፁ ይቀየራል። ሰብውፈሩ ሌላ ጊዜ ይደርሳል፣ የኋላዎቹም ይደርሳሉ።

አንዳንዱ ሁለት ጥሩ ስፒከር ካለኝ መሀሏ ለምን ይላል፣ ብቻውን መሀል ላይ ለሚቀመጥ ሰው ልክ ነው፣ ከሁለቱ እኩል ስለሚርቅ ንግግሩ ከቲቪው የወጣ ይመስለዋል። ግን እኛ ጋ ማነው ብቻውን ቲቪ የሚያየው? ድሬ ቤት መጅሊሱ ሶስቱን ግድግዳ ዞሮ ነው የሚነጠፈው፣ ልጆቹ በአንድ በኩል፣ እማማ በዚህ በኩል ትራሱን ተደግፈው፣ እንግዳ ደሞ በሩ ጋ፣ ጎን የተቀመጠ ሰው የሚሰማው የቅርቡን ስፒከር ብቻ ነው። መሀል ስፒከር ያስፈለገው ለነሱ ነው። የዲሽ ጣቢያ አብዛኛው ድምፁ በግራና በቀኝ ብቻ ቢመጣም ችግር የለውም፣ ሪሲቨሩ ላይ ዶልቢ ፕሮ ሎጂክ ወይም አዲስ ከሆነ ዶልቢ ሰራውንድ የሚለውን ምረጡ፣ በግራም በቀኝም አንድ አይነት ሆኖ የሚመጣውን ለይቶ ወደ መሀል ይልከዋል፣ ያ ማለት ድራማው ላይ ንግግሩን፣ ኳሱ ላይ ኮሜንታተሩን ነው።

መጅሊስ ላይ የተቀመጠ ሰው ጆሮው ዝቅ ያለ ነው፣ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሰው አይደለም፣ ስለዚህ መሀሏ ስፒከር ጉልበት ከፍታ ላይ ካልሆነች ወደ ጆሮ አቅጣጫ ዘንበል አድርጓት፣ ከስሯ ትንሽ እንጨት ሽጉጡላት ይበቃል። የኋላዎቹ ደሞ ፋብሪካው ወረቀት ላይ ከኋላ ይላል፣ እኛ ግን ጀርባችንን ለግድግዳ ሰጥተን ነው የምንቀመጠው፣ ከኋላ ቦታ የለም። በጎን በኩል ከጆሮ ከፍ አድርጋችሁ ስቀሏቸው፣ ግማሽ ሜትር ከፍ ቢል ጥሩ ነው፣ ጎን የሚቀመጠው ሰው ጆሮ ውስጥ እንዳይጮሁ።

ስለ ቤቱ ራሱ ማንም አያወራም እኮ። ወለሉ ሊሾ ወይ ሴራሚክ፣ ግድግዳው ባዶ፣ መስኮቱ መስታወት፣ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ መሀል ላይ ቆማችሁ አንዴ አጨብጭቡ፣ ጭብጨባው እያስተጋባ ከተመለሰ የምትገዙት ስፒከር ምንም ያህል ውድ ቢሆን ንግግሩ ይደባለቃል። ከስፒከሩ እና ከሰዉ መሀል ወፍራም ምንጣፍ፣ መስኮቱ ላይ ወፍራም መጋረጃ፣ ያ ብቻ ብዙ ይቀይራል። ሐረር ጁገል ውስጥ ጌ ጋር፣ የሐረሪዎቹ ባህላዊ ቤት፣ የገባ ሰው ያውቀዋል፣ ነደባው፣ ከፍ ያለው መቀመጫ፣ ሁሉ ምንጣፍና ትራስ ነው፣ ግድግዳው ደሞ በሰፌድና በሳህን ስለሚሞላ ድምፁ ተመልሶ አይጮህም፣ ቀስ ብሎ የሚወራው ሁሉ ይሰማል። እኛ ድሬዎች ደሞ ሌላ ፈተና አለን፣ ቬንትሌተር። በዚህ ሙቀት ማጥፋት አይቻልም፣ እሱ ሲሽከረከር የሚያወጣው ሹሹታ ደሞ ስስ ስስ የሆኑትን ፊደሎች፣ ሰ፣ ፈ፣ ሸ የሚሉትን ይበላል። ሰው ድምፅ ሲጨምር ፍንዳታውም አብሮ ይጨምራል፣ ከዛ ይቀንሳል፣ እንዲህ ሪሞት ሲታገል ያመሻል። ሪሲቨሩ ላይ ግን መሀሏን ብቻ 2 ወይ 3 ዴሲቤል መጨመር ይቻላል፣ ማታ ማታ ደሞ ናይት ሞድ ወይም ዳይናሚክ ሬንጅ የሚለውን ክፈቱ፣ ፍንዳታውን ዝቅ ንግግሩን ከፍ ያደርግላችኋል፣ ጎረቤትም ይተኛል። ቤዝ ግድግዳ አያቆመውም፣ ሰብውፈሩን ከጎረቤት ጋር የምትጋሩት ግድግዳ ላይ አታስጠጉት፣ ጥግ ላይም አትወሽቁት፣ ጥግ ላይ ቤዙ ያብጣል።

ሙቀቱ ለሪሲቨሩም ነው። ጉልበቱን ግማሹን ገደማ ወደ ሙቀት የሚቀይር እቃ ነው፣ ድሬ ላይ ደሞ ክፍሉ ራሱ ከ30 ዲግሪ በላይ ነው፣ ስለዚህ ቢያንስ 10 ሴንቲሜትር ከላዩ ክፍት ይሁን፣ ዲሹን ከላዩ አትደርቡ፣ እባካችሁ ዳንቴል አታልብሱት። እናቶቻችን ዳንቴሉን ለጌጥ እንደሚያደርጉት አውቃለሁ፣ ግን ከላይ ያሉት ቀዳዳዎች መተንፈሻው ናቸው፣ ዳንቴሉን ቲቪው ጠረጴዛ ላይ ያድርጉት።

የመብራቱን ነገር ሳልጽፍ ባልፍ ቅር ይለኛል። ከአሜሪካ ዘመድ የሚልከው ሪሲቨር አብዛኛው 120 ቮልት 60 ኸርዝ ነው፣ የኛ መብራት 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። አንድ ቤት ስደርስ እቃው ተቃጥሎ ክፍሉ ገና ይሸታል፣ ልጁ የላከላቸው አባት "ሶኬቱን የሚቀይረውን ነገር ገዝቼ እኮ ነው የሰካሁት" ይሉኛል። ያ የገዙት ነገር የሶኬቱን እግር ቅርፅ ብቻ ነው የሚቀይረው፣ ቮልቱን አይነካውም፣ ይሄን ለሳቸው ሱቅ ላይ የነገራቸው ሰው አልነበረም። የሚያስፈልገው ከ220 ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ነው፣ ሪሲቨሩ ከሚበላው በደንብ ከፍ ያለ አቅም ያለው፣ 400 ዋት ለሚበላ 1000 ቮልት አምፔር ውሰዱ። ከዱባይ ወይ ከአውሮፓ የመጣው ግን እንዳለ ይሰራል። ስታቢላይዘር ደሞ ለሁሉም ግዙ፣ መብራት ሲሄድ ከሶኬት ንቀሉ፣ ከተመለሰ በኋላ እስኪረጋጋ ትንሽ ጠብቁ።

ሽቦ ላይ አጭር ነገር ልበል። ሱቅ ውስጥ የስፒከር ሽቦ ሲሰጧችሁ ጫፉን በምላጭ ፋቁት፣ ከላይ ቀይ ሆኖ ውስጡ ነጭ ከወጣ አሉሚኒየም ላይ መዳብ የተቀባ ነው፣ ለፊቶቹ አጭር ርቀት ይሰራል፣ ክፍሉን ዞረው ለሚሄዱት ለኋላዎቹ ግን ሙሉ መዳብ 1.5 ሚሊሜትር ካሬ ይሻላል። ስትሰኩ ቀዩን ከቀይ ጥቁሩን ከጥቁር፣ አንዱ ስፒከር ከተገለበጠ ቤዙ ይጠፋል፣ ንግግሩም ከየት እንደሚመጣ አይታወቅም፣ ሰውም ስፒከሩ ፌክ ነው ብሎ ይመልሳል።

ከእናንተ ከአዘጋጆቹ የምጠይቀው እንግዲህ ይሄ ነው። የድምፅ እቃ ማስታወቂያ ስትቀበሉ አስተዋዋቂው አርኤምኤስ ዋቱን በስንት ኦም እንደሆነ፣ የሚፈልገውን ቮልት፣ ያገለገለ ይሁን አዲስ ይሁን እንዲጽፍ ጠይቁት፣ ሶስት አጭር መስመር ናት፣ ቦታ አትፈጅም። ባለሱቆችም እዚህ ታይዋን ያላችሁት፣ ሰው ፍላሽ ይዞ መጥቶ ንግግር የበዛበት ነገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ እስኪሰማ ጊዜ ስጡት፣ ዘፈን በሙሉ ድምፅ ከፍቶ ማስደነቅ ስፒከር መፈተን አይደለም። የቴክኖሎጂ አምዳችሁ ላይ ደሞ የቲቪ ጀርባ ፎቶ አድርጋችሁ ኦፕቲካሉ የቱ፣ ኤአርሲው የቱ እንደሆነ በቀስት ብታሳዩልን ብዙ ሰው ከሱቅ ሱቅ ከመንከራተት ይድናል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ድሬዳዋ፣ ሳቢያን