ግድቡ ተመርቋል፤ የወፍጮ ቤቱ ዳይናሞ ግን ለምን ይቃጠላል?

ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፣

በምሥራቅ ጎጃም ዞን በቢቸና ከተማ የኤሌክትሪክ ሞተር በመጠገን፣ በእኛ አጠራር ዳይናሞ በመጠቅለል፣ የምተዳደር ባለሙያ ነኝ። ስለ ኃይል ማመንጫዎች፣ ስለ ታሪፍ ማስተካከያና ስለ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች በጋዜጣችሁ የሚወጡትን ጽሑፎች በትጋት እከታተላለሁ። በእነዚህ ጽሑፎች ውስጥ እምብዛም የማላገኘው ነገር ቢኖር፣ ኃይሉ ከሠፈሩ ትራንስፎርመር ወጥቶ የደንበኛው ቆጣሪ እስኪደርስ ድረስ በሚጓዝበት አጭር መንገድ ላይ የሚሆነው ነው። የእኔ ሥራ በሙሉ ከዚያ መንገድ የሚመጣ በመሆኑ ስለ እርሱ ለመጻፍ ተነሣሁ። ሐሳቤም ይህ ነው፤ ኤሌክትሪክ የሚሸጥ ድርጅት ለሸጠው ኃይል ጥራት እንደ ማንኛውም ነጋዴ ሊጠየቅ ይገባዋል፤ ሊጠየቅ የሚችለውም በየትራንስፎርመሩ የሚሰጠው ቮልቴጅና የሚቋረጥበት ሰዓት እየተመዘገበ ለሕዝብ ሲገለጽ ብቻ ነው።

የአገራችን የማመንጨት አቅም የደረሰበትን ደረጃ የሚያቃልል ቃል ከእኔ አይወጣም። ከባሕር ዳር በቅርብ ርቀት የሚገኘው የመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ በ1950ዎቹ ሥራ ሲጀምር አቅሙ 11.4 ሜጋ ዋት ብቻ ነበር። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው ጣና በለስ 460 ሜጋ ዋት ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. የመሠረት ድንጋዩ ተቀምጦ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የዓባይ ግድብ ደግሞ 5,150 ሜጋ ዋት የማመንጨት አቅም አለው፤ ይህም ከመጀመሪያው ጢስ ዓባይ ከ450 እጥፍ በላይ ነው። ለዚህ ግድብ የጎጃም ገበሬ፣ መምህርና ነጋዴ ቦንድ ገዝቷል፤ ከደመወዙም አዋጥቷል። ስለዚህ ዛሬ ወፍጮው ሲቆምበት ምክንያቱን የሚጠይቅ ሰው፣ የጋራ ሀብቱ ምን ላይ እንደደረሰ የሚጠይቅ ባለድርሻ እንጂ ልማትን የሚቃወም ሰው ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

ወደ ዋናው ጉዳይ ልግባ። የእህል ወፍጮ የሚያዞረው ሞተር በሦስት ፌዝ፣ ማለትም በሦስት የኃይል መስመሮች፣ በ380 ቮልት ግድም እንዲሠራ ተደርጎ የተሠራ ነው። ቮልቴጁ ወርዶ 300 ቢደርስ ወፍጮው የሚፈጨው እህል ስላልቀነሰ ሞተሩ ያንኑ ሥራ ለመሥራት ከመስመሩ የሚስበውን ከረንት ይጨምራል። ጭማሪው በግምት አንድ አራተኛ ያህል ነው። ይህ ጥቂት ሊመስል ይችላል፤ ሆኖም በሽቦው ውስጥ የሚፈጠረው ሙቀት የሚያድገው በከረንቱ መጠን ሳይሆን ከረንቱ በራሱ ተባዝቶ በሚሰጠው ውጤት ልክ በመሆኑ፣ ሙቀቱ ከመደበኛው አንድ ተኩል እጥፍ በላይ ይሆናል። ከዚህ የባሰው የአንድ ፌዝ መጥፋት ነው። ከሦስቱ መስመሮች አንዱ በትራንስፎርመሩ ፊውዝ መቃጠል ወይም በምሰሶው ላይ ባለው ማያያዣ መላላት ምክንያት ሲቋረጥ፣ በሥራ ላይ ያለ ሞተር ወዲያው አይቆምም፤ በቀሩት ሁለት መስመሮች እያቃሰተ መዞሩን ይቀጥላል። በዚያን ጊዜ ከረንቱ ወደ 1.7 እጥፍ፣ ሙቀቱም ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። ሽቦው የተለበጠበትን መከላከያ ቫርኒሽ ለማቃጠል ጥቂት ደቂቃዎች በቂ ናቸው። ሞተሩ ተፈትቶ ሲታይ ከጥቅልሉ ከፊሉ ጠቁሮ ከፊሉ እንደነበረ ስለሚገኝ፣ ሥራውን የሚያውቅ ሰው የተቃጠለው በፌዝ መጥፋት መሆኑን ሳይጠይቅ ይለያል። ባይቃጠልም እንኳ፣ ጥቅልሉ ከተሠራበት የሙቀት ወሰን በላይ በአሥር ዲግሪ ሲሞቅ ዕድሜው በግማሽ እንደሚቀንስ በሙያችን የታወቀ ነው።

ቮልቴጁ ለምን ይወርዳል? ብዙ ሰው ግድቡ በቂ ውኃ ያልያዘ ወይም ኃይሉ ለሌላ የተሰጠ ይመስለዋል። በየሠፈሩ ያለው ምክንያት ግን ከዚህ የቀረበ ነው። አንድ የእንጀራ ምጣድ ሦስት ኪሎ ዋት ተኩል ያህል ይወስዳል። ሠፈሩን የሚመግበው ትራንስፎርመር የመሸከም አቅሙ 50 ኪሎ ቮልት አምፔር፣ ለምጣድ ሲሰላ 50 ኪሎ ዋት ያህል፣ ከሆነ፣ ሌላ ምንም ሳይጨመርበት በአንድ ጊዜ ሊሸከም የሚችለው 14 ምጣድ ብቻ ነው። ከዚያው መስመር ላይ 20 የፈረስ ጉልበት ያለው አንድ ወፍጮ ሲሠራ ብቻውን 15 ኪሎ ዋት ይወስዳል። በፋሲካና በገና ዋዜማ ወፍጮውም ምጣዱም እኩል የሚሠሩበት ሰዓት ሲመጣ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። በዚህ ላይ አዳዲስ ቤቶች ሲገቡ ሦስቱ ፌዞች እኩል እንዲጫኑ ሳይታሰብ፣ ለምሰሶው የቀረበው መስመር ላይ ሁሉም እየተቀጠለ አንዱ ፌዝ ሲጨነቅ ሌላው ሥራ ፈቶ ይገኛል። መስመሩ ወደ ከተማው ዳር እየተሳበ በረዘመ ቁጥርም በቀጭኑ ሽቦ ላይ የሚባክነው ይበዛል። እነዚህ ሁሉ በትራንስፎርመር መጨመር፣ በሽቦ መለወጥና ጭነትን በማመጣጠን የሚስተካከሉ፣ ለሙያው ሰዎች እንግዳ ያልሆኑ ሥራዎች ናቸው።

አንድ ዳይናሞ በተቃጠለ ቁጥር ለእኔ ገቢ ነው፤ ቢሆንም በዚህ መንገድ የሚመጣ ገቢ አያስደስተኝም። ሞተሩን ተሸክሞ የሚመጣው ባለወፍጮ የመዳብ ሽቦውን ዋጋ ሲሰማ ፊቱ እንዴት እንደሚለወጥ አውቃለሁ። የውጭ ምንዛሪ ዋጋ ከተለወጠ ወዲህ ከውጭ የሚመጣ ዕቃ ሁሉ በመወደዱ፣ አንዳንዱ ባለወፍጮ ያለ ሥራ ከርሞ ገንዘብ እስኪያገኝ ሞተሩን ደጄ ላይ ይተወዋል። እስከዚያ ድረስ እናቶቻችንና እህቶቻችን እህላቸውን በራሳቸውም በአህያም ጭነው ወደ ሌላ ቀበሌ የናፍጣ ወፍጮ ይሄዳሉ። መንግሥት ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ በማንሣቱ የናፍጣ ወፍጮ የማስፈጫ ዋጋ መጨመሩንም እነርሱ ናቸው የሚከፍሉት። በምጣዱ ያልተማመነ ቤት ወደ ማገዶና ከሰል ይመለሳል። በአዊ ዞን በፋግታ ለኮማና በአካባቢው ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ዛፍ እያለማ ከሰል ማክሰሉ ለገበሬው ጥሩ ገቢ እንደሆነ አይካድም፤ ኤሌክትሪክ የገባለት ከተሜ ግን በምርጫው ሳይሆን በመስመሩ መድከም ምክንያት ከሰል ገዢ ሆኖ መቅረቱ የኃይል ፖሊሲው ጉድለት ነው።

ባለወፍጮው ለደረሰበት ጉዳት ማንን ይጠይቅ? አንድ ደንበኛዬ የተቃጠለ ሞተሩን ይዞ ወደሚመለከተው አገልግሎት መስጫ ሄዶ ነበር። የተሰጠው መልስ፣ ጉዳቱ በመስመሩ ምክንያት መድረሱን የሚያሳይ ማስረጃ እንዲያመጣ ነው። ጥያቄው በሕግ ዓይን ትክክል ሊመስል ይችላል። ነገር ግን በዚያ ዕለት በዚያ ትራንስፎርመር ላይ የነበረውን ቮልቴጅ ሊመዘግብ የሚችለው አቅራቢው ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ያልተመዘገበን ነገር ከደንበኛው መጠየቅ በሩን ዘግቶ ግባ እንደ ማለት ነው። መስመሩን የሚያስተካክሉት ሠራተኞች በክረምት ዝናብ ምሰሶ ላይ ወጥተው ነፍሳቸውን ለአደጋ ሰጥተው እንደሚሠሩ ስለማውቅ ወቀሳዬ ወደ እነርሱ አይደለም። ሥርዓቱ ለጠፋ ኃይል የሚጠየቅ አካል አለማበጀቱ ነው የሚያሳስበኝ።

በዚህ አጋጣሚ በአካባቢያችን ዘወትር የሚነሣ አንድ ጥያቄ አለ። ከበለስ ተነሥቶ በባሕር ዳርና በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ሱሉልታ የሚሄደው ባለ 400 ኪሎ ቮልት መስመር በእርሻችን ላይ ሲያልፍ፣ ከሥሩ ያለው ቀበሌ ለምን በኩራዝ ያመሻል ይባላል። ከዚያ መስመር በቀጥታ ለመንደር ኃይል መቀንጠብ እንደማይቻል ለሰዎች አስረዳለሁ። ኃይሉ መጀመሪያ በማከፋፈያ ጣቢያ ወደ 33 ወይም 15 ኪሎ ቮልት፣ ከዚያም በሠፈር ትራንስፎርመር ወደ ቤት ደረጃ መውረድ አለበት፤ ለእያንዳንዱ ደረጃ ገንዘብ ያስፈልጋል። ማስረዳቱ ግን ሌላ ጥያቄ ያስከትልብኛል፤ ገንዘቡ እየፈሰሰ ያለው ወዴት ነው?

ኃይላችን ለጅቡቲ፣ ለሱዳንና ለኬንያ ይሸጣል። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይልም ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ቢትኮይን የተባለውን ዲጂታል ገንዘብ በኮምፒውተር ከሚያመርቱ የዳታ ማይኒንግ ኩባንያዎች ጋር ተዋውሎ በውጭ ምንዛሪ ሲሸጥላቸው ቆይቷል። ይህን ሽያጭ ከነአካቴው ከሚያወግዙት ወገን አይደለሁም። እንዲህ ያለ ደንበኛ በማከፋፈያ ጣቢያው አጠገብ ተቀምጦ ቀንና ሌሊት በከፍተኛ ቮልቴጅ ይወስዳል፤ ምሰሶ፣ የሠፈር ትራንስፎርመርና በሺህ የሚቆጠር ቆጣሪ አይጠይቅም። ለመንደሩ የሚዘረጋ መስመር ባልኖረበት ጊዜ ተርባይኑ ሥራ ፈትቶ ከሚቆም ቢሸጥ ይሻላል። አደጋው ግን እዚያው ላይ ነው። ለሻጩ ቀላልና ትርፋማ የሆነው ደንበኛ በተገኘ ቁጥር፣ አድካሚና ውድ የሆነው ደንበኛ፣ ማለትም ባለወፍጮውና ባለምጣዷ፣ ለነገ እየተባለ ይቆያል። ኩባንያው ማሽኖቹን ነቅሎ የተሻለ ዋጋ ወዳለበት አገር መሄድ ይችላል፤ የቢቸና ወፍጮ ግን የትም አይሄድም። ስለዚህ ከጅምላ ሽያጩ ከሚገኘው የውጭ ምንዛሪ የታወቀ ድርሻ ለማከፋፈያ መስመር ዕቃ፣ ለትራንስፎርመርና ለሽቦ መግዣ ብቻ እንዲውል በግልጽ ቢወሰን፣ ሽያጩ ለሕዝቡም ትርጉም ይኖረዋል።

አገሪቱ በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከልክላ ወደ ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪ ፊቷን ማዞሯን እደግፋለሁ። ተሽከርካሪው ቻርጅ የሚደረገው ግን ከዚሁ 14 ምጣድ ከከበደው ትራንስፎርመር ላይ ነው።

ስለ ነጋዴዎችም ሳልናገር ብቀር ሚዛናዊ አልሆንም። በገበያው ላይ 10 የፈረስ ጉልበት ተብሎ የተጻፈበት፣ ሲፈታ ግን ከዚያ ያነሰ ጉልበት ላለው ሞተር የሚሆን ቀጭን ሽቦ የተጠቀለለበት ዕቃ ይገኛል። የመዳብ ቀለም የተቀባ የአሉሚኒየም ጥቅልል ያላቸውም አጋጥመውኛል። አሉሚኒየም በራሱ ነውር የለበትም፤ በመዳብ ዋጋ ሲሸጥ ግን ማታለል ነው። እንዲህ ያለ ሞተር በደከመ መስመር ላይ ሲውል ከክረምት እስከ በጋ አይዘልቅም፤ ሻጩም የዋስትና ወረቀት አይሰጥም። በሌላ በኩል አንዳንድ ባለወፍጮዎች ከልክ ያለፈ ከረንት ሲመጣ ሞተሩን የሚያጠፋው ኦቨርሎድ ቶሎ ቶሎ እየቆረጠ ሥራ ስለሚያስፈታቸው በሽቦ አገናኝተው ያልፉታል። ይህን እንዳያደርጉ፣ ይልቁንም የፌዝ መጥፋትን አይቶ የሚያጠፋ መቆጣጠሪያ እንዲያስገቡ ሁልጊዜ እመክራለሁ፤ ዋጋው ከአንድ ጥቅለላ ዋጋ በእጅጉ ያነሰ ነው።

ቴክኖሎጂው አለ። የኤሌክትሪክ ሂሳባችንን በቴሌብርና በባንክ መተግበሪያ መክፈል ከጀመርን ሰንብተናል። ክፍያውን በቅጽበት መቀበል ለሚችል አሠራር፣ በነገው ዕለት ለጥገና የሚቋረጥበትን ሰዓት በአጭር የጽሑፍ መልእክት ማሳወቅ ከባድ ሊሆን አይችልም። በክልላችን ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ጊዜ ተዘግቶ መቆየቱን ለማያስታውስ ሰው፣ አጭር የጽሑፍ መልእክት ያልሁት ለዚህ መሆኑን ልጠቁም፤ ኢንተርኔት የሚጠይቅ ማስታወቂያ በሚያስፈልግበት ሰዓት ላይደርስ ይችላል። ባለወፍጮው ኃይል እንደሚቋረጥ ቀድሞ ካወቀ ሞተሩን አጥፍቶ ይጠብቃል፤ ከሩቅ የምትመጣው እናትም ጉዞዋን ለሌላ ቀን ታደርገዋለች። እንደዚሁም በየትራንስፎርመሩ ላይ ቮልቴጅና ከረንት የሚመዘግብ መሣሪያ መትከል ዛሬ ረቂቅ ጥበብ አይደለም። መዝገቡ ካለ የትኛው ትራንስፎርመር እንደተጨናነቀ ሳይቃጠል በፊት ይታወቃል፤ የተቃጠለ ሞተር ይዞ የሚመጣ ደንበኛም ማስረጃ አምጣ አይባልም፤ መዝገቡ ይታያል፤ ጥፋቱ የባለወፍጮው ከሆነም እንደዚያው ይነገረዋል።

ሕግ የለም ማለት አይቻልም። የኢነርጂ አዋጅ ቁጥር 810/2006 የኤሌክትሪክ አቅርቦትን የሚቆጣጠር አካል እንዲኖር ደንግጓል፤ ዛሬ ይህ ኃላፊነት የነዳጅና ኢነርጂ ባለሥልጣን ነው። የታሪፍ ማስተካከያው ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ለአራት ዓመታት በየሦስት ወሩ እንዲደረግ ሲወሰን፣ የተሰጠው ምክንያት አገልግሎቱ ወጪውን እንዲሸፍንና እንዲሻሻል ነው። ምክንያቱን እቀበላለሁ፤ ከዋጋ በታች የሚሸጥ ኃይል መስመሩን ሊጠግን አይችልም። ዋጋው በታወቀ ቀን የሚጨምር ከሆነ ግን መሻሻሉም በታወቀ ቀን ሊለካ ይገባል። ባለሥልጣኑ በመጀመሪያ ወፍጮ ቤት ያለባቸውን ትራንስፎርመሮች መርጦ መመዝገቢያ እንዲተከልላቸው ይዘዝ፤ ከዚያም የእያንዳንዱ ከተማ የመቋረጥ ሰዓትና የቮልቴጅ መዝገብ አዲሱ ታሪፍ በሚገለጽበት ቀን አብሮ ይውጣ። ሥራው ከምሥራቅ ጎጃም ቢጀመር በዞኑ ያለን የጥገና ባለሙያዎች የትኞቹ መስመሮች አስቀድመው ሊታዩ እንደሚገባ ለማሳየት ዝግጁ ነን።

ከአክብሮት ጋር፣
የኤሌክትሪክ ሞተር ጥገና ባለሙያ
ከቢቸና፣ ምሥራቅ ጎጃም